ስለ ጡት ነቀርሳና ስለ ሴቶች ዕድሜ

ሰው ነገርን ሁሉ በዕድሜ መስፈር ይወዳል። ልጅ ቢያጠፋ ልጅነቱ ነው ይባላል፤ ሽማግሌ ቢደክም እርጅናው ነው ይባላል። ይህ አነጋገር በብዙ ነገር ጉዳት የለውም፤ በበሽታ ነገር ሲገባ ግን ሰውን እስከ መግደል ይደርሳል። ለዚህም ዋና ምስክር የሚሆነው ሐኪሞች ካንሰር የሚሉት የጡት ነቀርሳ ነው። በ30 ዓመቷ በጡቷ ውስጥ ጠጣር እብጠት ያገኘችውን ሴት ዘመድ ጎረቤቷ «ገና ልጅ ነሽ፤ የወተት ነው፤ ይጠፋል» ይላታል። በ70 ዓመታቸው ያገኙትን እናት ደግሞ «ከእንግዲህ በዚህ ዕድሜ ኦፕራሲዮን ምን ያደርግልዎታል፤ እግዚአብሔር ያመጣውን መቀበል ነው» ይሏቸዋል። ሁለቱም ቃል ከርኅራኄ የወጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚያፈሩት ፍሬ አንድ ነው፤ ይኸውም መዘግየት ነው።

እንግዲህ ዕድሜ ከዚህ በሽታ ጋራ ያለው ግንኙነት ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንዳልሆነም ለይቶ ማወቅ ለአገር ሹማምንትም ሕዝብን ለሚያስተምሩ ካህናትም የተገባ ነው። ይልቁንም የአዲስ አበባ አጎራባች በሆኑት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚኖሩ ሴቶች ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን የደጃቸው ጉዳይ ስለ ሆነ፣ በመጠኑም ቢሆን ልናስረዳ እንወዳለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2022 ዓመት በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች የጡት ነቀርሳ እንዳለባቸው በምርመራ ታውቋል፤ 670 ሺህ ያህል ሴቶችም በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአገራችን በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚደርሰው የነቀርሳ ዓይነት ሁሉ የበዛው ይህ ነው። በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በዓመት 16 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያት በዚህ በሽታ ይያዛሉ፤ 9 ሺህ ያህሉም ይሞታሉ። ከያዛቸውና ከሞቱት ቁጥር መቀራረብ አስተዋይ ሰው ብዙ ነገር ሊረዳ ይችላል፤ ሀብታም በሆኑት አገሮች በሽታቸው ከታወቀላቸው ከ100 ሴቶች ከ90 የሚበልጡት 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉና።

በአገራችን ስለዚህ በሽታ ከተደረጉት ጥናቶች አንደኛው በ2014 በፈረንጅ አቆጣጠር የታተመው ሲሆን፣ ከ2005 እስከ 2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጨረር ሕክምና ክፍል የታዩ 1,070 ሴቶችን ይመለከታል። ከነዚህ ሴቶች እኩሌታው ዕድሜያቸው 43 ዓመትና ከዚያ በታች ነበረ፤ ከሁሉም ታናሿ የ20፣ ታላቋም የ88 ዓመት ሴት ነበሩ። በአሜሪካ ግን የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ ከ60 ዓመት በላይ ነው። ይህን ልዩነት የሰማ ሰው ሁሉ «በኢትዮጵያ የጡት ነቀርሳ የወጣቶች በሽታ ነው» ለማለት ይቸኩላል።

ነገር ግን ሒሳቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንድ የአብነት ትምህርት ቤት 90 የንባብና የዳዊት ተማሪዎች፣ 10 የቅኔ ተማሪዎች አሉ እንበል። ከ90ዎቹ 9፣ ከ10ሩ ደግሞ 3 ቢታመሙ፣ በቁጥር ሲታይ የታመሙት ታናናሾቹ ይበዛሉ፤ በድርሻ ሲታይ ግን ከቅኔ ተማሪዎቹ ከ10 ሦስቱ ሲታመሙ ከታናናሾቹ የታመመው ከ10 አንዱ ብቻ ነው። የኢትዮጵያም ነገር እንደዚሁ ነው። ከሕዝባችን እኩሌታው ያህል ገና 20 ዓመት ያልሞላው ስለ ሆነ፣ ወጣት ሴቶች ከአሮጊቶች እጅግ ይበዛሉ፤ ስለዚህ ከታማሚዎቹም ወጣቶቹ ይበዛሉ። ለያንዳንዲቱ ሴት ግን ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር በበሽታው የመያዟም ነገር እየጨመረ ይሄዳል። በዚህ ላይ ደግሞ በዕድሜ ከገፉት እናቶች ብዙዎቹ ወደ ሐኪም ቤት ሳይመጡ በየቤታቸው ስለሚቀሩ፣ ከመዝገብ የሚገባው ቁጥራቸው ከእውነተኛው ያንሳል። ስለዚህ ወጣቷም አሮጊቷም ከዚህ በሽታ ነጻ ነኝ ልትል አትችልም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ፣ በሽታው ከያዘ በኋላ የመዳንና ያለመዳን ነገር በዕድሜ ይለያያልን የሚል ነው። አዎን ይለያያል። በስዊድን አገር ከ1959 እስከ 1978 በሽታው የታወቀባቸው 57,068 ሴቶች ተመርምረው ውጤቱ በ1986 ታትሟል። በዕድሜ ምክንያት በሌላ ደዌ የሚመጣው ሞት ከሒሳቡ ተቀንሶ ሲታይ፣ ከሁሉ የተሻለ ተስፋ ያገኙት በበሽታው ጊዜ ከ45 እስከ 49 ዓመት የነበሩት ናቸው። ከ30 ዓመት በታች የነበሩት ከነዚህ ያነሰ ተስፋ አግኝተዋል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ከ75 ዓመት በላይ በነበሩት ላይ ደርሷል። እንግዲህ መካከለኛው ዕድሜ እንደ አምባ ሲሆን፣ በሁለቱም ወገን ገደል አለ ማለት ነው።

የሁለቱ ገደል ምክንያት ግን አንድ አይደለም። በወጣቶች ላይ የሚነሣው ነቀርሳ ብዙ ጊዜ ፈጥኖ የሚያድግ፣ በሆርሞን መድኃኒትም የማይበገር ዓይነት ይሆናል። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ ማሞግራፊ የሚባለው የጡት ራጅ እብጠቱን አጥርቶ አያሳይም፤ ስለዚህ ለእርሷ አልትራሳውንድ ይሻላል። ከዚህም ሌላ ይህ ዕድሜ የማርገዝና የማጥባት ጊዜ በመሆኑ፣ የጡት ማበጥና መጠጠር ሁሉ ከወተት የመጣ ይመስላል። በሽተኛይቱ ብቻ ሳትሆን አንዳንድ ጊዜ የጤና ሠራተኛውም በዚህ ይታለላል።

በአሮጊቶች በኩል ነቀርሳው ብዙ ጊዜ ዘገምተኛና ለሆርሞን መድኃኒት የሚታዘዝ ነው። በተፈጥሮው ቢሆን ተስፋቸው ከወጣቶቹ ሊሻል ይገባ ነበር። የሚጎዳቸው ግን ዘግይተው መምጣታቸው፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ ሕመም አብሯቸው መኖሩ፣ ከዚህም ሁሉ በላይ «አርጅተዋል» ተብሎ የሚሰጣቸው ሕክምና መጉደሉ ነው። እንግዲህ ለወጣቷ የበሽታው ጠባይ ራሱ ጠላቷ ሲሆን፣ ለአሮጊቷ ግን ከበሽታው ይልቅ የሰው አሳብ ጠላት ሆኖባታል።

የሆነ ሆኖ በአገራችን ከዕድሜ ይልቅ ዋናውን ፍርድ የሚፈርደው የመምጫው ጊዜ ነው። ከላይ ባነሣነው የአዲስ አበባ ጥናት የበሽታቸው ደረጃ ከታወቀላቸው ሴቶች ከ100 ሰባ አንዱ የመጡት እብጠቱ በጣም ገፍቶ 3ኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው። በ1ኛ ደረጃ የመጡት ከ100 አራት ብቻ ነበሩ። በ1ኛና በ2ኛ ደረጃ ከመጡት ከ100 ሰባ ሁለቱ በሽታው ወደ ሌላ አካላቸው ሳይዛመት 5 ዓመት እንደሚቆዩ ሲገመት፣ በ3ኛ ደረጃ ከመጡት ግን ይህን ዕድል የሚያገኙት ከ100 ሠላሳ ሦስት ብቻ ናቸው። ዕድሜን ማንም ሊቀንስና ሊጨምር አይችልም፤ የመምጫውን ቀን ግን ማቅረብ ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገርም ይኸው ነው።

መዘግየቱስ የማን ነው ቢባል፣ የታማሚዎቹ ብቻ አይደለም። በ2019 በፈረንጅ አቆጣጠር በታተመ ሌላ ጥናት በአዲስ አበባ የሕክምና ቤቶች የተገኙ 441 ሴቶች ተጠይቀው ነበር። ከ100 ሠላሳ ስድስቱ የበሽታውን ምልክት ካዩ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሳይሄዱ ከ90 ቀን በላይ ቆይተዋል። ነገር ግን ሐኪም ዘንድ ከደረሱ በኋላ በሽታቸው በምርመራ ተረጋግጦ እስኪነገራቸው ድረስ ከ30 ቀን በላይ የቆዩት ከ100 ስድሳ ዘጠኝ ናቸው። እንግዲህ ሴቲቱ በቤቷ ከዘገየችው ይልቅ በሕክምና ቤት ደጅ የዘገዩት በቁጥር ይበልጣሉ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሹማምንት በተለይ እንዲያስቡበት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሦስቱ ከተሞች እንመለስ። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲቋቋም ሦስቱም የዚሁ ከተማ ክፍል ሆነዋል። አዲስ አበባ ከገፈርሳ ውኃ ትጠጣለች፤ ከሱሉልታ ወተት ይመጣላታል፤ በሰበታ ፋብሪካዎችና የአበባ እርሻዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ይሠራሉ። ስለዚህ እነዚህ ቦታዎች ለዋናው ከተማ በየቀኑ የሚሰጡት ብዙ ነው። የአገሪቱ ትልቁ የነቀርሳ ሕክምና የሚሰጥበት የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ በዚሁ በአዲስ አበባ ነው። በመንገድ ርቀት ቢለካ የጥቂት ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም።

ይሁን እንጂ የበሽተኛ መንገድ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም የመላኪያ ወረቀት ተይዞ ወደ አዲስ አበባ መሄድ አለ። በየደጁ ተራ መጠበቅ አለ። የቀን ሠራተኛ የሆነችው ወጣት አንድ ቀን ስትቀር የዕለት ደመወዟ ይቀርባታል። በዕድሜ የገፉት እናት ደግሞ ያለ ልጅ ወይም ያለ ዘመድ ድጋፍ ታክሲ ተሳፍረው፣ ፎቅ ወጥተው ወርደው ጉዳያቸውን ሊያስፈጽሙ አይችሉም። አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱት ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ስለ ጡታቸው ያለውን ምስጢር በማያውቁት ቋንቋ ለማያውቁት ወንድ ሐኪም መንገር ይከብዳቸዋል።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ጉድለት አለ። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከፍ ያለ አገልግሎት ሰጥቷል፤ በከተማው ሴቶች ከሚገኘው ነቀርሳ ሢሶው ያህል የጡት መሆኑንም ያስታወቀው ይኸው መዝገብ ነው። ነገር ግን የዚህ ዓይነት መዝገብ የሚቆጥረው የከተማውን ነዋሪዎች ብቻ ነው። የቡራዩ ሴት በአዲስ አበባ ብትታከም እንኳ ከአዲስ አበባ ታማሚዎች ጋራ አትቆጠርም። ያልተቆጠረ ደግሞ በጀት ሲመደብ አይታሰብም። ስለዚህ የሸገር ከተማ ጤና ሹማምንት የታማሚዎቻቸውን ቁጥር፣ ከነዕድሜያቸውና ከነበሽታቸው ደረጃ፣ ለይተው ቢይዙ የመጀመሪያውን ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው «ቢታከሙስ ምን ይጠቅማል» ይል ይሆናል። መልሱ በብዙ ምርመራ የተረጋገጠ ነው። የልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው በ2005 በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳስታወቁት፣ ነቀርሳቸው ለሆርሞን የሚታዘዝ ሴቶች ታሞክሲፈን የሚባለውን ኪኒን 5 ዓመት ያህል ቢውጡ፣ በየዓመቱ በበሽታው ከሚመጣው ሞት 31 በመቶ ይቀንሳል። ይህም ከ50 ዓመት በታች ለሆኑትም፣ ከ50 እስከ 69 ላሉትም፣ 70 ዓመት ለሞላቸውም በአመዛኙ እኩል ነው። ኬሞቴራፒ የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ይህንኑ ሞት ከ50 ዓመት በታች ለሆኑት በ38 በመቶ፣ ከ50 እስከ 69 ላሉት በ20 በመቶ ይቀንሳል። በአዲስ አበባው ጥናት ነቀርሳቸው ከተፈተነላቸው ሴቶች ከ100 ስድሳ አምስቱ ለሆርሞን መድኃኒት የሚታዘዝ ዓይነት ነበረባቸው። እንግዲህ ኪኒን ለመዋጥ እርጅና አይከለክልም፤ «አርጅተዋልና ይቅርባቸው» የሚለው ፍርድ በሕክምና ማስረጃ የቆመ አይደለም።

የወጣቷስ ሞት የሚያስከትለው የአንድ ሰው ጉዳት ብቻ አይደለም። ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ50 ዓመት በታች የሆኑ 100 ሴቶች በጡት ነቀርሳ በሞቱ ቁጥር ከ200 በላይ ልጆች እናት አልባ ይቀራሉ። የአሮጊቷም ሞት ቢሆን ቀላል አይደለም፤ በአገራችን የልጅ ልጆችን የሚያሳድጉ፣ ቤትን የሚጠብቁ፣ ጎረቤትን የሚያስታርቁ እነርሱ ናቸውና።

ከመዘግየት ምክንያቶች ሁሉ የቆየው ኀፍረት ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው የፋርስ ንግሥት አቶሳ፣ የቂሮስ ልጅ፣ የዳርዮስ ሚስት፣ በጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ነበር። እብጠቱ ታናሽ ሳለ ስላፈረች ለማንም ሳትነግር ደበቀችው፤ ፈርጦ እየሰፋ በሄደ ጊዜ ግን ዲሞኬዲስ የሚባለውን ሐኪም አስጠራች። ይህ ከሆነ 2,500 ዓመት ያህል ነው፤ በቤተ መንግሥት ያለችውን ንግሥት ያሸነፈ ኀፍረት ዛሬም በሱሉልታ ጎጆ ያለችውን ሴት ያሸንፋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ነው።

በዚህ ነገር የካህናት ቃል ከሐኪም ቃል ይልቅ ብዙ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ብዙ ሴቶች ሕመማቸውን ከሐኪም አስቀድመው የሚነግሩት ለንስሐ አባታቸው ነው፤ ብዙዎችም ወደ ጸበል ይሄዳሉ። ጸበል መሄድን የሚነቅፍ የለም። የሚያስፈራው በጸበሉ ምክንያት የሐኪሙ ቀን ሲተላለፍ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው እንደማይጻረሩ በግልጽ አስታውቀው ነበር። ለዚያ በሽታ የተነገረው ምክር ለዚህም ይሠራል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም ክብር የሚያስተምረውን ለሊቃውንቱ መንገር አያስፈልግም፤ ለሕዝቡ መንገር ግን ያስፈልጋል። እድሮችም ለቀብር ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ለሕሙማን መጓጓዣ አስቀድመው ቢመድቡ ለሟች ከሚደረገው ክብር የሚያንስ አይሆንም።

ለሹማምንት ደግሞ መንገዱ ተጠርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባስታወቀው አሳብ አገሮች ሦስት ነገር እንዲፈጽሙ ይመክራል። ከታማሚዎች ከ100 ስድሳው በ1ኛና በ2ኛ ደረጃ እንዲገኙ፣ ምልክቱን ይዛ የመጣች ሴት በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲነገራት፣ ሕክምና ከጀመሩትም ከ100 ሰማንያው እንዲፈጽሙት ነው። የመጀመሪያውን ለመፈጸም ውድ መሣሪያ እስኪገዛ መጠበቅ ግድ አይደለም። በሕንድ አገር በቦምባይ ከተማ ከ35 እስከ 64 ዓመት የሆናቸው ከ150 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች በሁለት ተከፍለው፣ የአንደኛው ወገን ሴቶች ጡት በየ2 ዓመቱ በሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች እጅ እየተዳሰሰ ይመረመር ነበር። ከ20 ዓመት ክትትል በኋላ በ2021 የወጣው ውጤት፣ የተዳሰሱት በሽታ ቀደም ባለ ደረጃ እንደ ተገኘ፣ ከ50 ዓመት በላይ በሆኑትም ሞት 30 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ከ50 ዓመት በታች በሆኑት ግን የሞት መቀነስ አልታየም።

ከዚህም ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ጤና ጣቢያዎች ሁለት ትምህርት ይገኛል። ለደም ግፊት ወይም ለስኳር ክትትል የሚመጡትን፣ ዕድሜያቸው 50 ዓመት ያለፈውን እናቶች ሳይጠይቁ ጡታቸውን በእጅ መርምሩላቸው፤ እነርሱ ስለ እብጠቱ ላይናገሩ ይችላሉና። ወጣቷን ግን ሳትታመም ከመፈለግ ይልቅ፣ እብጠት አለብኝ ብላ በመጣች ቀን ፈጥኖ መቀበል ይገባል። «ልጅ ነሽ» ብሎ መመለስ አይገባም። እብጠቱ በጥቂት ሳምንት ካልጠፋ በአልትራሳውንድ ይታይ፤ በመርፌም ናሙና ይወሰድለት። የአንደኛዋ ዕድሜ ሐኪሙ እንዲፈልጋት፣ የሁለተኛዋ ዕድሜ ሐኪሙ እንዲሰማት ይጠይቃል።

ለሴቶቻችንም የምንለው ይህ ነው። በጡት ወይም በብብት ጠጣር እብጠት፣ የጡት ቆዳ መጨማደድ ወይም መቅላት፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጡት ጫፍ ደም መውጣት የታየ እንደ ሆነ፣ ባያምም እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ነቀርሳ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን አያምም፤ አለማመሙም ያዘናጋል። ከጡት እብጠቶች አብዛኞቹ፣ ይልቁንም በወጣቶች ላይ፣ ነቀርሳ አይደሉም፤ ስለዚህ መመርመር የሚያስፈራ ነገር ሳይሆን ከስጋት የሚያወጣ ነገር ነው። ነቀርሳ ሆኖ ቢገኝም ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ገና ትንሽ ሳለ የተገኘው ሊድን ይችላል።

ዕድሜ ለሐኪም ማመልከቻ ነው፤ የትኛውን ምርመራ፣ የትኛውን መድኃኒት መስጠት እንደሚገባው ይነግረዋል። ለመዘግየት ምክንያት ሲሆን ግን በበሽተኛይቱ ላይ የተጻፈ የሞት ፍርድ ይሆናል። በጤና ጣቢያ ያለው ሠራተኛ፣ በደብር ያለው ካህን፣ በቤት ያለው ባልና ልጅ ሁሉ «ገና ነሽ» እና «አልፎብዎታል» የሚሉትን ሁለት ቃላት ትተው «ዛሬ እንሂድ» የሚለውን እንዲለምዱ አጥብቀን እናሳስባለን።